ስፒከሩ አልተቀደደም

የጋሽ እንዳለን ሞት የነገረችኝ ልጃቸው ሰላም ናት። ደወለችና «አስካልዬ፣ አባዬ ዐረፈ» አለችኝ። ከዚያ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ቴፑስ?» የሚል ነበር። ወዲያው አፈርኩ። ሰው ሞተ ሲባል የሚጠየቀው ምን ሆኖ፣ መቼ፣ ቀብሩስ የት ነው እንጂ ስለ ቴፕ አይደለም። ሰላም ግን የአባቷ ልጅ ናትና አልተቀየመችኝም። «አለ፤ ላንቺ ነው ያለው» አለችኝ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ከድሮ የፒያሳ ጎረቤቶቼ ጋር ተቀምጫለሁ። ሰፈሩ ከተነሣ ወዲህ አንዱ ገላን፣ አንዱ የካ፣ አንዱ አራብሳ ተበትነን፣ የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ብቻ ሆኗል። ካህኑ ሊያስተምሩ ማይክራፎኑን ያዙ። ገና «በስመ አብ» ከማለታቸው የእድሩ ድምፅ ማጉያ ዝዝዝዝ አለ። የእድሩ ሰው ሮጦ ሽቦውን ነካካ፤ ዝዝዝዝ። ገመዱን ነቅሎ መልሶ ሰካ፤ ዝዝዝዝ። በዚህ መሐል ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ የድሮ ጎረቤት፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ በጋሽ እንዳለ ድምፅ፣ «ተወው፣ አልተቀደደም፤ እንዝራ ነው» አለ።

ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር መሆኑን ማናችንም አናጣውም። ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎሰጎስን። ትከሻችን ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች በጣም ያዘንን መስሏቸው ውሃ አቀበሉን። እውነቱን ለመናገር አዝነንም ነበር። ነገሩ ያልገባው ሰው እንዳይታዘበን ከመጀመሪያው ላውጋው።

ፒያሳ ውስጥ፣ የእንጨት በረንዳ ካላቸው አሮጌ ፎቆች ባንዱ ሥር፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀመርኩ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ክፍል አልኩ እንጂ ግማሽ ክፍል ናት፤ አከራያችን አንዱን ሱቅ በቺፑድ ለሁለት ከፍሎ ነው ያከራየን። ከቺፑዱ ወዲያ ያሉት ጋሽ እንዳለ ናቸው፤ ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከቺፑዱ ወዲያ አንድ ነገር አገሳ። ወፍጮ ቤት አንበሳ የገባ መሰለኝ። ብድግ ብዬ ግድግዳውን በጡጫ ደበደብኩት። ድምፁ ቆመና፣ አንድ ጨዋ የሽማግሌ ድምፅ፣

«ጎረቤት፣ እንኳን ደኅና መጣሽ። እስክሪብቶ ይኖርሻል?» አለኝ።

እስክሪብቶው ለመጻፍ አልነበረም። ጋሽ እንዳለ ሲጽፉ አይቼ አላውቅም፤ የደንበኛውን ስምም፣ የዕቃውን በሽታም በቃላቸው ነው የሚይዙት። እስክሪብቶ የሚፈልጉት ካሴት ለማጠንጠን ነው። በቴፕ ማጠንጠን ሞተሩን በከንቱ ማልፋት ነው ይላሉ። እስክሪብቶዬን የካሴቱ ቀዳዳ ውስጥ ሰክተው፣ እንደ መቁጠሪያ፣ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቺፑዱ ሦስቴ ይንኳኳል፤ «አስካል፣ እስክሪብቶ!» አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። ከኔ ሱቅ እስክሪብቶ ይዞ ወጥቶ የመለሰ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። በስድስት ዓመት የጠፋው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እደርስበታለሁ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ በበጋም ኮት የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከቀኝ ጆሯቸው ላይ የማትጠፋ ትንሽ ካቻቢቴ አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ረስተዋት ቅዳሴ ያስቀደሰችበት ቀን ሁሉ አለ። የቴፑን ሄድ፣ ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ የሚያጸዱት በአረቄ ነው፤ «ጥጡም ትንሽ፣ ጠጋኙም ትንሽ» እያሉ። ሙዚቃ ሲያዳምጡ ግራ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ሁለቱንም ከጨፈንኩ ተኛ ትሉኛላችሁ» አሉኝ።

ይኼ የሥራ ቀን ጋሽ እንዳለ ነው። በጾም ወራት ግን በገና ደርዳሪ ናቸው። ከአባታቸው የወረሱት በገና እሪ በከንቱ ካለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰቀልና ዐቢይ ጾም ሲገባ ይወርዳል። ያን ጊዜ ካቻቢቴዋም ከጆሯቸው ትወርዳለች።

አሁን ወደ ካሴቱ ልምጣ። እንዴት እጃቸው እንደ ገባ ከመቶ ጊዜ በላይ አውርተውኛል፤ አንድም ቀን አላሳጠሩትም። ከብዙ ዓመት በፊት ላርስ የሚባል አንድ ስዊድናዊ መምህር፣ ቴፑ ካሴቱን አልተፋም ብሎት አመጣላቸው። አራዳ መቼም ስም ሳያጣምም አያድርምና ሰውየውን «ላሽ» ብሎታል። ጋሽ እንዳለ መትፊያውን ሠርተው፣ ለሙከራ ያህል ውስጡ ያለውን ካሴት ሲያስጀምሩት ስፒከሩ ተቀደደ።

«ተቀደደ ብዬ ነው እኮ!» ይላሉ፣ ሁሌም እዚህ ላይ ጉልበታቸውን መትተው። «የሰው ንብረት! ላብ በላብ ሆንኩ። ስፒከሩን አውጥቼ ሌላ ገጠምኩ፤ ዝዝዝዝ። ሦስተኛ ገጠምኩ፤ ዝዝዝዝ። ከሚስቴ ከጥሩነሽ ራዲዮ ላይ ፈትቼ አራተኛ አመጣሁ፤ እሱም ዝዝዝዝ! ወይ ጉድ፣ ዛሬ የአራዳ ስፒከር ሁሉ ተማክሮ ነው የተቀደደው? ወይስ ሙያዬ በስተርጅና ከዳኝ? አልኩ።»

ሦስት ቀን እንዲህ ሲታገሉ ላሽ መጣ። ጋሽ እንዳለ አንገታቸውን ደፍተው ይቅርታ ሲጠይቁት ሰውየው ግድግዳ ይዞ ሳቀ። ስፒከሩ ደኅና ነው፤ ዘፈኑ ነው እንዲህ የሚለው። ዴዝ ሜታል የሚባል የሙዚቃ ዓይነት ነው። ጊታር ተጫዋቾቹ እግራቸው ሥር ባለ አራት ቁልፍ ትንሽ ሣጥን አለቻቸው። ሌላው ሰው ቁልፎቹን በልክ በልክ ያዞራል፤ እነዚህ የስዊድን ልጆች ግን አራቱንም እስከ መጨረሻው ያጦዟቸዋል። ድምፁ መጋዝ እንዲመስል፣ ሆን ብለው።

«ሆን ብለው!» ይላሉ ጋሽ እንዳለ፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ያኔ ነው የበራልኝ። አስካል፣ በገና ለምን ይነዝራል? አውታሩ መቀመጫ እንጨቱ፣ በርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ በመሐል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። እንዝራ ይባላል። እንዝራውን ብታወጪው በገናው ድምፅ ይኖረዋል፤ ሆድ ግን አይኖረውም። አባቴ እንዝራ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። እነዚህ በረዶ ውስጥ ያሉ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ለኤሌክትሪክ ጊታር እንዝራ አበጁለት!»

ልጆቹ የላሽ የትውልድ ከተማ ልጆች ናቸው። ካሴቱን የቀዱት በክረምት፣ ማሞቂያው በቅጡ በማይሠራ ክፍል ውስጥ ነው አሉ። ጥቂት ኮፒ አስባዝተው ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ቀረ፤ እነሱም ተበታተኑ። ላሽ አገሩ የሚገባበት ቀን ሲደርስ ቴፑንም ካሴቱንም ለጋሽ እንዳለ ሰጣቸውና እንደ ስሙ ላሽ አለ።

የቡድኑ ስም ሽፋኑ ላይ ተጽፏል ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ጽሕፈት ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የዳኛ ፊርማ አነባለሁ፣ የሐኪም ማዘዣ አነባለሁ። ያንን ግን ከላይም ከታችም ይዤው አልተነበበልኝም። የእሾህ አጥር ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሰፈሩ «የእሾሁ ካሴት» አለው።

ጋሽ እንዳለ በዚህ ዓለም ላይ አንድ ምኞት ነበራቸው። ይኼን ካሴት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለቱንም ፊት፣ ሳያቋርጥ ሰምቶ ፍርዱን በሐቅ የሚነግራቸው አንድ ሰው ማግኘት። ሁለት ሰው አላሉም። «እንዳለ ስሙልኝ፤ ከዚያ ከፈለጋችሁ ስደቡኝ» ይላሉ። አራዳም «እንዳለን እንዳለ የሚሰማው ጠፋ» እያለ ይቀልድባቸዋል።

ችግሩ የመጀመሪያው ዘፈን ነው። እሳቸውም ያምናሉ። «እዚህ ላይ ልጆቹ ተሳስተዋል፤ መናኛውን በር ላይ አቆሙት» ይላሉ። በእርግጥም የመጀመሪያው ዘፈን ዝም ብሎ ሩጫና ጩኸት ነው። የሚመጣ ሰው ሁሉ እዚያው በር ላይ ይመለሳል። ታች ያለው የማኪያቶ ቤት አስተናጋጅ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ «ጋሽ እንዳለ፣ ብርጭቆ ልሰብስብ» ብሎ ወጣ። ከአራት ኪሎ ያመጡት አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ደግሞ ሦስተኛው ዘፈን ድረስ ዘልቆ «ጋሼ፣ ግን ቅኝቱ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሊያቅፉት ምንም አልቀራቸውም። ባቲ ነው፣ አይደለም፣ እየተባባሉ ሲከራከሩ የልጁ ስልክ ጮኸ። «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ እንደ ወጣ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽን «አንቺስ?» ቢሏቸው፣ «እኔ አንተን ሠላሳ ዓመት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሏቸው።

ሰው እንዲህ ሲሸሻቸው «ከመፍረድህ በፊት ገልብጥ» ይሉ ነበር። ከካሴት የተማሩት ነው። አንድ ቀን «ሁለት ፊት ያለው ነገር ጥሩ ነው እያሉ ነው?» ብዬ ላጠምዳቸው ሞከርኩ። «ሰው ከሆነ ሽሺው፣ ካሴት ከሆነ ገልብጪው» አሉኝ ወዲያው።

አንድ ጊዜ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ፎቁ ላይ የሚኖሩት እማማ ዘነበች «ታች ያለው ሰውዬ ሰይጣን እየጠራ ነው፤ በገና የነካ እጅ እንዴት ይኼን ይነካል?» ብለው ለጋሽ እንዳለ ነፍስ አባት ነገሩ። አባ አንድ ከሰዓት በኋላ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። እኔም ለማስታረቅ በሚል ሰበብ ሄድኩ፤ ለወሬ ነው እንጂ። ጋሽ እንዳለ ክርክር አላበዙም። ለአባ ወንበር ሰጥተው ካሴቱን አስጀመሩት። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፤ አባ አልተነሡም። ሁለተኛው ላይ፣

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አሉ።

«ብርድ ነው አባ። አገራቸው ክረምት ላይ ፀሐይ የምትታየው ለጥቂት ሰዓት ነው።»

«እውነትህን ነው?»

«ላርስ ነው የነገረኝ።»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ጋቢ የሚደርብለት ዘመድ የለውም?»

ጋሽ እንዳለ እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ። አባ ግን የምራቸውን ነው። «የሚለውስ ምንድን ነው? የሚሳደብ እንዳይሆን።»

«ቃሉን አላውቀውም አባ። እኔ ድምፁን እንደ አንድ አውታር ነው የምሰማው። እንደ ወፍራሙ አውታር።»

አባ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አዳመጡ። አንደኛው ፊት አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል ብድግ አሉ። «እኔ ሰይጣን አልሰማሁም። የበረደው ሰው ሰምቻለሁ። ብቻ ድምፁን ቀንሰው፤ ከላይ ባልቴት አለች» አሉ።

«አባ፣ ሁለተኛው ፊት እኮ ገና ነው!»

«እሱን ሌላ ቀን» አሉና ወጡ። አባን እንደዚያ ሲፈጥኑ አይቻቸው አላውቅም። በሳምንቱ ግን አንድ ያገለገለ ጋቢ ላኩ፤ «ለስዊድኑ ልጅ» ብለው። ጋሽ እንዳለ ጋቢውን አጣጥፈው ቴፑን አለበሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ወደ ላይ መውጣት ተወ፤ እማማ ዘነበችም ታረቁ። ወደኔ በኩል ግን ጋቢም አልጋረደው።

እኔንም ለምነውኛል። «ነይና ካሴቱን እንዳለ ስሚልኝ» ሲሉኝ «ሥራ አለኝ» እላለሁ። እልኸኛ ነኝ፤ አንድ ጊዜ የጠላሁትን ነገር ተመልሼ ወደድኩ ማለት ሞቴ ነው። በዚያ ላይ ገና በመጀመሪያው ቀን ግድግዳ ደብድቤያለሁ። «እስክሪብቶውን ይውሰዱ፣ ጆሮዬን ይተዉልኝ» እላቸው ነበር። እሳቸውም ይስቁና ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ፤ ያለ ሰሚ ካሴታቸውን ይከፍታሉ።

አንድ ቀን ዘጠኝ ተኩል አልፎ ድምፁ ተንቋረረ፣ ተጎተተ፣ ጠፋ። ቺፑዱ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝምብኝ ሥራዬን ትቼ ሄድኩ። ጋሽ እንዳለ ቴፑን ከፍተው፣ የተጨማደደውን ክር ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቴፑ ካሴቱን በልቶታል።

«የስንቱን ሰው ካሴት አድኜ፣ የራሴን በራሴ ቴፕ አስበላሁ» አሉኝ። ዓይናቸውን አላነሡም።

«ቅጂ የለዎትም?»

«ሲቀዳ እንዝራው ይሞታል። አልቀዳሁትም።»

የተበላው የመጨረሻው ዘፈን ላይ ነው። ያ ዘፈን ከሌሎቹ የተለየ ነው። መሐሉ ላይ መጋዙ ሁሉ ድንገት ይቆምና አንድ ጊታር ብቻውን፣ ያለ ምንም ጡዘት፣ በንጹሕ ድምፅ ይቀራል። ጋሽ እንዳለ «እንዝራውን አወጡት» የሚሉት ይኼን ነው። ቀጥሎ ከበሮው ብቻውን አምስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ መጋዙ ሁሉ ባንድነት፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ይመለሳል። «ሰው እስከዚህ ድረስ መታገሥ ያለበት ለዚህ ነው። እንዝራ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲያወጡት ነው» ይሉ ነበር። የተበላው አምስቱ ምት ነው።

ከኔ ሱቅ መቀስና ፕላስተር ወሰዱ። የተበላው ክር ስንዝር ቢሆን ነው። ቆረጡና ሁለቱን ጫፍ አገናኝተው መለጠፍ ሲችሉ ከሌላ ካሴት ልክ ያንኑ ያህል ባዶ ክር ቆርጠው በመሐል አስገቡ። «ቦታው ይቆየው» አሉ። የሞተ ሰው ወንበር እንደማስቀመጥ ነው አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቺፑዱ ሦስቴ ተንኳኳ፤ እስክሪብቶ ሰጠሁ። እኔ ዘንድ አንዲት ሴትዮ የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ እያስጻፉ ነው። ከወዲያ አንደኛው ፊት አለቀ፣ ተገለበጠ፣ ሁለተኛው ሄደ። እኔ ማመልከቻውን አትሜ በስቴፕለር ላያይዝ ስል የመጨረሻው ዘፈን ጋ ደረሰ። መጋዙ ቆመ። ንጹሑ ጊታር መጣ። ከዚያ ባዶው ክር ደረሰና ጭጭ አለ።

ድም። ድም። ድምድም። ድም።

ከዚያ መጋዙ ልክ በሰዓቱ ገባ።

ሴትዮዋ ደንግጠው «ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉኝ። አየሁት፤ እጄ ስቴፕለሩን ጨብጦ ጠረጴዛዬን ደብድቧል። ማመልከቻቸው ላይ አምስት ስፒል ተሰክቷል። ከቺፑዱ ወዲያ ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። እርምጃ ሰማሁ። ጋሽ እንዳለ በሬ ላይ ቆሙ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ፈጧል።

«አስካል።»

«አቤት ጋሽ እንዳለ።»

«አሁን ያንን ማን መታው?»

«የቱን?»

«አትቀልጂብኝ!» አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገቡ። «ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል?»

የምሸሽበት አልነበረኝም። «አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ! ቺፑድ ምን ያስቀራል ጋሽ እንዳለ? እርስዎ ሰሚ ፍለጋ ቸርችልን ሲወጡ ሲወርዱ እኔ እዚህ ተቀምጬ ስሰማ ነው የኖርኩት።»

«ሁለቱንም ፊት?»

«ሁለቱንም ፊት።»

«እንዳለ?»

«እንዳለ።»

የደንበኛ አግዳሚዬ ላይ፣ ሴትዮዋ አጠገብ፣ ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡ። መሳቅ ጀመሩ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። በኮታቸው እጅጌ ጠረጉትና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በይ ፍረጂ» አሉኝ።

እኔ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ፍረጂ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ በሐቅ ፈረድኩ። የመጀመሪያው ዘፈን መናኛ ነው አልኩ። ከበሮ መቺው አንዳንዴ ይቸኩላል። የሚጮኸው ልጅ አራተኛው ዘፈን ላይ ደክሞታል፤ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ እሱን ነው የምወድለት፣ ሰው መሆኑ ይታወቃልና። ሁለተኛው ፊት ላይ፣ ከመሐል ያለው ዘፈን ውስጥ፣ ሁለቱ ጊታሮች ባንድነት ይነሡና አንዱ ወደ ላይ ሲወጣ ሌላው ባለበት ቆሞ ይጠብቀዋል። ያ ብቻውን የካሴቱ ዋጋ ነው። የመጨረሻው ላይ ግን፣

«እንዝራው ሲወጣ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል» አልኳቸው። «አምስቱ ምት ሲመጣ ሰው በር ያንኳኳ ይመስለኛል። መጋዙ ሲመለስ ደስ ይለኛል። ይኼው ነው።»

ጋሽ እንዳለ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሰሙኝ። ስጨርስ «በቃ» አሉ። «ልጆቹ ከንቱ አልቀሩም።»

ይኼን ጊዜ ሴትዮዋ «ታዲያ የኔ ማመልከቻስ?» አሉ። ደግሜ አተምኩላቸው።

ከዚያ በኋላ የሥራችን አካል ሆነ። በየቀኑ ባዶው ቦታ ሲደርስ እኔ በዚህ በኩል በስቴፕለሬ አምስቱን እመታለሁ። ደንበኛም ለመደው። ጋሽ እንዳለ ሌላ ሰሚ መፈለጉን አልተዉም፤ ግን እንደ በፊቱ አይለማመጡም። «አንድ ምስክር አለኝ» ይሉ ነበር፣ ቺፑዱን በአውራ ጣታቸው እያሳዩ።

ሰፈሩ የሚነሣበት ቀን ደረሰ። እኔ ፎቶ ኮፒ ማሽኔን አስጭኜ ባዶ ክፍል ስጠርግ ቺፑዱ ሦስቴ ተንኳኳ። «አስካል፣ እስክሪብቶ!» ሰጠኋቸው። ያን ቀን ካሴት የሚከፈትበት ቴፕ አልነበረም፤ ሁሉም ዕቃቸው ታስሯል። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የጭነት መኪናዋ መጣች፣ ተሳሳምን፣ ተለያየን። እስክሪብቶው አልተመለሰም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

በስልክ ግን አልተለያየንም። ሁሌም ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ድም፣ ድም» ይሉኛል፤ እኔ የቀረውን እጨርሳለሁ። ድምፃቸው እየቀጠነ ሲሄድ ሰምቻለሁ። ሄጄ ሳልጠይቃቸው መቅረቴ ይቆጨኛል፤ ዛሬ ነገ ስል ነው የቀደሙኝ።

ሰላም ከሠልስቱ በኋላ አንድ ጥቅል ሰጠችኝ። ጥቅሉ የአባ ጋቢ ነው። ስፈታው ቴፑ፣ በቴፑ ውስጥ ካሴቱ፣ በቴፑ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ እስክሪብቶ። «‹ስለ ዘገየሁ ይቅርታ በያት› ብሏል» አለችኝ። «ደግሞ ‹የኔን አንድ ሰው አግኝቻለሁ፤ አሁን ተራው የሷ ነው› ብሏል።» ድንኳኑ ውስጥ ያልወጣልኝ ለቅሶ ያኔ ወጣልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ካሴቱን በእስክሪብቶዬ አጠንጥኜ ከፈትኩት። የመጀመሪያው ዘፈን ገና ሳይጋመስ በሩ ተንኳኳ። ከጎን ያለው ጎረቤቴ ጌቱ ነው። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ በሰላምታ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። ካቻቢቴ ይዟል።

«ይቅርታ እትዬ አስካል፣ በግድግዳው እየሰማሁት ነው። ቴፕዎ ስፒከሩ ተቀዷል። ልቀይርልዎት?»

ካቻቢቴውን አየሁት። ከዚያ፣

«አልተቀደደም፤ እንዝራ ነው» አልኩት።

«ምን?»

«ግባና ቁጭ በል።»

ገባ። በአክብሮት ነው የገባው፣ ገብቶኛል፤ አንዲትን ሴት ብቻዋን ከተበላሸ ቴፕ ጋር መተው ከብዶት ነው። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቴፑን አየ። ሦስተኛው ላይ «ሆን ብለው ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። አራተኛው ላይ ልጁ ምራቁን ሲውጥ ጌቱ ፈገግ አለ። ከዚያ አንደኛው ፊት አለቀና ቴፑ ቀጭ አለ።

«አለቀ?» አለኝ።

አባ የተነሡት እዚህ ላይ ነው። «የለም፣ አሁን ይገለበጣል» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወንበሩን ወደ ቴፑ አስጠጋ። እኔም ስቴፕለሬን ከመሳቢያው አወጣሁ።